እግሬ የታጠበበት ውሃ

ዘንድሮ የጸሎተ ሐሙስን በዓል ከመዋዕለ ሕፃናቱ ልጆች ጋር ስናከብር ጉልባኑን እኔ ቀቅዬ ይዤ ሄድኩ፤ ሳፋውንም እኔው አዘጋጀሁ። ልማዴ ነው። የወይራ ቅጠል በእጄ አሽቼ ውሃው ውስጥ እጨምራለሁ፤ ትንንሾቹን አግዳሚ ወንበር ላይ ደርድሬ፣ ካልሲያቸውን አውልቄ፣ እግራቸውን እያጠብኩ ታሪኩን እነግራቸዋለሁ። ውስጥ እግራቸውን ስነካቸው እየኮረኮርኳቸው እየመሰላቸው ይንከተከታሉ። ጌታ የሐዋርያቱን እግር እንዳጠበ ስነግራቸው ግን ጸጥ ብለው ሰሙኝ። ይሁዳም ከመካከላቸው ነበረ፣ የእሱንም እግር አጠበለት ስላቸው፣ ጫፍ ላይ የተቀመጠች የፊት ጥርሷ የወለቀ ልጅ ጣቷን አወጣችና፣ «ቲቸር፣ ከኛ ውስጥ ይሁዳው ማን ነው?» አለችኝ።

ክው አልኩ። የያዝኩት የአንዱ ልጅ እግር ከእጄ አመለጠና ውሃው ቀሚሴ ላይ ተረጨ። ልጆቹ ሳቁ። ረዳቴ ምን ሆንሽ አለችኝ። ይህን ጥያቄ በሕይወቴ አንድ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ ያኔ የጠየቁት ልጆች መልሱንም ይዘው ነበር። የታሸው ወይራ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ እንዳለ ጎንበስ ብዬ ቀረሁ።

ነገሩ በጃንሆይ ዘመን ነው፤ ስድስት ዓመት ቢሆነኝ ነው። ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ፣ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብላ ባለች የገጠር ደብር እኔና እናቴ ብቻችንን እንኖር ነበር። አባቴ ሞቷል። እናቴ ሸክላ ሠሪ ነበረች። ከላህ ወንዝ ዳር አፈሩን ቆፍራ ትሸከማለች፤ አድርቃ፣ ወቅጣ፣ ነፍታ፣ ውሃ ታርከፈክፍበታለች፤ የመርገጡ ሥራ ደግሞ የእኔ ነበር። ቀሚሴን እስከ ጉልበቴ ሰብስቤ ጭቃውን ስረግጥ እውላለሁ። በጣቶቼ መሀል ሽቅብ ሲወጣ ደስ ይለኝ ነበር። ችግሩ ከተረከዜ ስንጥቅ ውስጥ አይወጣም፤ ስተኛም ስነሣም አብሮኝ ነው።

መዋዕለ ሕፃናት የሚባል ነገር ያን ጊዜ በአገራችን አልተሰማም። ለትንሽ ልጅ የነበረው ትምህርት ቤት የኔታ ዘንድ ነው፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ፣ ከትልቁ ወይራ ሥር፣ ድንጋይ ድንጋያችን ላይ ተቀምጠን ፊደል እንቆጥራለን። የኔታ አየነው ቄስም መምህርም ነበሩ። ረጅም አርጩሜ ነበራቸው፤ ከተቀመጡበት ሳይነሡ መጨረሻ የተቀመጠውን ልጅ ራስ ታገኛለች። እኔ ዛሬ ልጅ መምታት ክልክል በሆነበት ዘመን አስተምራለሁ፤ ክልክል መሆኑም ደስ ይለኛል፤ ግን አልዋሽም፣ ሀሁን የማውቀው በዚያች አርጩሜ ነው። የሸክላ ሠሪ ልጅ፣ ያውም ሴት፣ ከዚያ ዛፍ ሥር መቀመጧን ብዙ ሰው አልወደደውም ነበር። የኔታ ግን እናቴን ገበያ መንገድ ላይ አግኝተው፣ «ይችን ልጅ ጭቃ ብቻ አታስረግጫት፤ ላኪያት» አሏት። በዚሁ ገባሁ።

የኔታ በየዓመቱ በጸሎተ ሐሙስ ጧት አንድ ሥርዓት ነበራቸው። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በሚደረገው የእግር አጠባ ትንንሽ ልጆች በግፊያው እንዳይረገጡ ብለው፣ ከፊደል ቆጣሪዎቹ በሐዋርያት ቁጥር አሥራ ሁለት ልጅ መርጠው ከወይራው ሥር እግራቸውን ያጥባሉ። የዚያን ዓመት ሲመርጡ አርጩሜዋ ወደ እኔም ጠቆመች። ቤቴ እስክደርስ አላመንኩም። እናቴ ስነግራት ደንግጣ፣ አንቺን ነው ያሉ፣ እርግጠኛ ነሽ፣ ሌላ ብርቄ እንዳትሆን እያለች ደጋግማ ጠየቀችኝ። ብርቄ የምባል እኔ ብቻ ነበርኩ። ያለችኝን አንድ ቀሚስ በእንዶድ አጥባ አጥር ላይ አሰጣችው።

የኔታ ታሪኩን ነግረውን ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲገቡ፣ እኛ የተመረጥነው ሐዋርያትን መከፋፈል ጀመርን። አስማረ የጭቃ ሹሙ ልጅ ስለነበረ ጴጥሮስነቱን ለራሱ ወሰደ። ዮሐንስነት ሁለት ልጆችን አደባደበ። ሌሎቹም ያገኙትን ያዙ፤ ስሙን የማያውቁትም «እኔ ያኛው ነኝ» እያሉ አንድ አንድ ሐዋርያ ሆኑ። መጨረሻ ላይ አንድ ስም ተረፈ፤ የሚወስደው ጠፋ። አንዱ፣ «ታዲያ ይሁዳው ማን ነው?» አለ።

አስማረ ጊዜም አልወሰደበት። «ብርቄ ናታ። እሷ ቡዳ ናት። እማየ ነግራኛለች» አለ።

አልተናደደም፤ ሊሰድበኝም አልፈለገም። የሚያውቀውን ነው የተናገረው። ሌሎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ነገሩ ስላለቀላቸው ወደ ጨዋታቸው ሄዱ። ቡዳ ማለት ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። ሁሉም የሚያውቁትን ስለ እኔ የሆነ ነገር እኔ ብቻ አለማወቄ ነው ያስደነገጠኝ። ወደ ቤት ሮጥኩ።

እናቴ የገንቦ አንገት በእርጥብ እጇ እያለሰለሰች ነበር። «እማየ፣ ቡዳ ምንድን ነው?» አልኳት። እጇ ቀጥ አለ። ጭቃው ከጣቷ ሥር ጎበጠ፤ ያ ሁሉ የደከመችበት አንገት ባንድ ጎኑ ተጣመመ። ማን አለሽ አላለችኝም። ፊቷን ሳታዞር፣ «ጭቃችንን ነው የሚጠሉት ልጄ። እግራችን ላይ ያለውን ጭቃ» አለችኝ።

ልትገላግለኝ ፈልጋ እንደሆነ አሁን ይገባኛል። ለስድስት ዓመት ልጅ ያንን ሁሉ ነገር ከየት ጀምራ ትንገረው? ነገር ግን ይህን ያህል ዘመን ከትንንሽ ልጆች ጋር ስውል የተማርኩት ቢኖር፣ ልጅ የተነገረውን እንዳለ ነው የሚውጠው። እኔም እንዳለ ዋጥኩት። ቡዳ ማለት ተረከዜ ስንጥቅ ውስጥ ያለው ጭቃ ነው፤ ሰውን ያሳምማል፤ ሐሙስ ዕለት የኔታ ሲያጥቡኝ ከእግሬ ወጥቶ ውሃው ውስጥ ሊገባ ነው። ይኸው ነበር የገባኝ።

ረቡዕ ከሰዓት ላህ ወርጄ እግሬን በድንጋይ ፈተግሁት። ስንጥቁን በእሾህ ጫፍ እየጫርኩ አወጣሁ። ውሃው ቀላ፤ ጭቃው ነው ብዬ ደስ አለኝና የበለጠ ፈተግሁ። ሲያቃጥለኝ ነው ደም መሆኑን ያየሁት። እናቴ ማታ ተረከዜን አይታ ቅቤ ቀባችኝ፤ ጾም ነው እንኳ አላለችም። ለምን እንዳደረግሁት አልጠየቀችኝም፤ እኔም አልነገርኳትም።

ሐሙስ ጧት ከወይራው ሥር ረጅም ግንድ ተጋድሞ ነበር። ልጆቹ የበዓል ልብሳቸውን ለብሰው ተደርድረዋል፤ እናቶቻቸው ነጠላቸውን መስቀለኛ አጣፍተው ከኋላ ቆመዋል። እናቴ ከሁሉም ርቃ ከአጥሩ ጥግ ነበረች። እኔ የመጨረሻው ቦታ ላይ ተቀመጥኩ። መጨረሻ ከሆንኩ ውሃው ከእኔ በኋላ ማንንም አይነካም ብዬ አስቤ ነው፤ ሌሊቱን በሙሉ ያሰብኩት ይህንኑ ነበር።

የኔታ ነጭ ጨርቅ በወገባቸው ታጥቀው መጡ። ወይራውንና የወይን ቅጠሉን አሽተው ሳፋው ውስጥ ጨመሩ፤ ጸሎት አደረሱ። ከዚያ ቀና ብለው ረድፉን በዓይናቸው ቃኙና፣ «ብርቄ፣ ነይ ወዲህ። አንቺ ቀድመሽ ተቀመጭ» አሉኝ።

 ከመጨረሻው ቦታዬ አልተነሣሁም። አስማረ በክርኑ ጎሰመኝ፤ ተነሣሁ። ግንዱ መጀመሪያ ላይ ስቀመጥ ከኋላ የሴቶቹ ሹክሹክታ ተሰማኝ፤ ወዲያው ተቋረጠ። ያቺ ያለ አርጩሜ ሰውን የማትነካ የምትመስለኝ የየኔታ እጅ ተረከዜን ያዘች። ተንበርክከው ነበር። የኔታ ሲንበረከኩ ያየሁት ለእግዚአብሔር ብቻ ነበር፤ አሁን ከእግሬ ሥር ናቸው፤ የቆባቸውን አናት ከላይ አየሁት። ከዚያ በላይ የሚያስደነግጥ ነገር ያለ አልመሰለኝም።

ነበረ። የአስማረ እናት እመት ዘውዴ ቀስ ብለው ወደ ፊት መጡና እጃቸውን ልጃቸው ግንባር ላይ አደረጉ። «የኔታ፣ ይህን ልጅ ሌሊቱን ሲያተኩሰው ነው ያደረው፤ ልውሰደው መሰለኝ» አሉ፣ በትሕትና። አስማረን እጁን ይዘው ሄዱ። ትንሽ ቆይቶ ሌላዋ፣ የእኔም ልጅ ሆዱን ቆርጦታል አለች። ያቺኛዋ ልጄ ሳል ይዟታል፣ እርጥበት አይሆናትም አለች። አንዷም ጥጃ ጠባቂ ጠፋ ብላ ልጇን አስነሣች። ማንም ክፉ ቃል አልተናገረም። ማንም ወደ እኔ አላየም። እያንዳንዷ ይቅርታ ጠይቃ፣ ጎንበስ ብላ፣ ልጇን ወሰደች። ግንዱ ላይ እኔ ብቻ ቀረሁ።

እኔ የሰማሁትን ሁሉ እንደተባለው አመንኩ። አስማረን አተኩሶታል። ያኛውን ሆዱን ቆርጦታል። ይችኛዋ ታስላለች። ገና እግሬ ውሃ ሲነካ ሁሉም ባንዴ ታመሙ ማለት ነው። ያገሬ ሰው እምቢታውን በምን ዓይነት ለስላሳ ቃል እንደሚጠቀልል የገባኝ ከብዙ ዘመን በኋላ ነው፤ ያን ዕለት ግን ወሽመጤ ቁርጥ አለ። 

የኔታ አንዷንም እናት አልከለከሉም። የሁለቱንም እግሮቼን ቁስል በቀስታ አጠቡ፤ በታጠቁት ጨርቅ አደረቁኝ። ከዚያ ሁለት እጃቸውን ሳፋው ውስጥ ከተው በእፍኛቸው ውሃውን ዘገኑና ፊታቸውን ታጠቡበት፤ ልክ ጠበል እንደሚያደርጉት። ግንባራቸውን፣ ዓይናቸውን፣ ጺማቸውን። እናቴ ከአጥሩ ጥግ እጇን አፏ ላይ ጭና አየኋት። እኔ ከግንዱ ላይ ዘልዬ ሳላስበው ሮጥኩ፤ ከሸክላዎቻችን ኋላ እስክገባ አልቆምኩም።

በማግስቱ ስቅለት ነው። ሰው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ሲሰግድ ይውላል። እኔ ከቅጥሩ ውጭ በአጥሩ ቀዳዳ የማየው የኔታን ብቻ ነበር። ይሰግዳሉ፣ ይነሣሉ፣ ይሰግዳሉ። ወደ ከሰዓት ሲነሡ መቋሚያቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ነው። ከንፈራቸው ደርቆ ነጥቷል። የኔታ አክፍሎት ይዘው ነበር፤ ከሐሙስ ማታ ጀምሮ እስከ ትንሣኤ እህልም ውሃም አይቀምሱም። በየዓመቱ ያደርጉታል፤ አዋቂ ሁሉ ያውቃል። ለእኔ ግን አክፍሎት የሚባል ነገር እንዳለ የነገረኝ አልነበረም። አጠገቤ ያለፉ ሁለት ሴቶች፣ የኔታ ዘንድሮስ አለቁ፣ ለትንሣኤ የሚደርሱም አይመስሉ ሲባባሉ ሰማሁ። ስለ አቅማቸው መድከም ነበር የሚያወሩት። እኔ ግን የማውቀውን አውቃለሁ። የኔታ እየሞቱ ነበር፤ የገደልኳቸውም እኔ ነኝ።

ቅዳሜ ካህናቱ ቃጭል እያቃጨሉ ቄጠማ ሲያድሉ ወደኛ ቤት አይመጡም ነበር። የኛን ድርሻ አንድ ልጅ ይዞ ይመጣና ከአጥሩ ላይ ይጥልልን ነበር። የዚያን ዕለት ቃጭሉ በራችን ላይ ተሰማ። እናቴ የምትይዘው የምትጨብጠው ጠፋት። የኔታ መቃኑን ተደግፈው ቆሙ፤ ዓይናቸው ጎድጉዷል፤ ሲናገሩ ድምፃቸው አይወጣም። እናቴ ራስ ላይ ቄጠማ አሰሩላት፤ ከገንቦ ኋላ እኔን ጠርተው ለእኔም አሰሩልኝ።  እናቴ ግራ ቢገባት፣ አረፍ ይበሉ፣ ውሃ እንኳ ላምጣ አለች። የኔታ ራሳቸውን ነቀነቁና፣ «ዛሬ አይሆንም። ለነገ አኑሪልኝ፤ የምፈስከው እዚህ ነው» አሏት።

እሳቸው እንደሄዱ እናቴ መሬት ላይ ዝርግፍ ብላ ተቀመጠችና አለቀሰች። እኔ የሰማሁት «አይሆንም» የምትለዋን ብቻ ነው። ውሃችንን እምቢ አሉ፤ ያሳመማቸውን አውቀውታል። እናቴም የምታለቅሰው እንደሚሞቱ ስላወቀች ነው። ተቃቅፈን አለቀስን፤ እሷ በአንድ ምክንያት፣ እኔ በሌላ።

ሌሊት ካህናቱ ቅዳሴ ጨርሰው ሕዝቡ ሲፈስክ እኔ እንቅልፍ ወስዶኝ ነበር። ጧት ስነሣ ፀሐይ ወጥቷል፤ በዋናው መንገድ አንድ ትሬንታ ኳትሮ የጭነት መኪና አቧራውን እያስነሣ ወደ ቡሬ ሲያልፍ ይሰማል። እናቴ ደጃችንን ጠርጋ፣ ያለንን አንድ በርጩማ በር ላይ አውጥታ፣ ቆማ መንገዱን ታያለች። እኔም አየሁ። የኔታ እየመጡ ነበር። በየቤቱ ደጃፍ ሰው እየወጣ ይግቡ፣ ይግቡልን ይላቸዋል፤ እሳቸው በእጃቸው እየመረቁ ያልፋሉ። እመት ዘውዴ መንገዱ መሀል ገብተው፣ ዶሮው ቀርቧል፣ እህል ሳይቀምሱ እንዴት ያልፋሉ ብለው ለመኗቸው። ቀጠሮ አለብኝ አሏቸው የኔታ። ሰዉ ወዴት እንደሚሄዱ ሲገባው አንድ በአንድ ከአጥራችን ውጭ ቆመ።

የኔታ በርጩማው ላይ ተቀመጡ። እናቴ ውሃ ልትቀዳ ስትሄድ በእጃቸው አስቆሟት። «ብርቄ ታምጣልኝ» አሉ።

ከበሩ ኋላ ነበርኩ። ወጥቼ ከእግራቸው ሥር ወደቅሁ። «አይሆንም የኔታ። አንቱ ይሞታሉ» አልኳቸው። ያ ሁሉ የያዝኩት ነገር ባንዴ ፈነዳ። የእግሬ ጭቃ ቡዳ እንደሆነ፣ እነአስማረ እንደታመሙ፣ እሳቸውም በዚያ ውሃ ፊታቸውን ታጥበው ይኸው እንደከሱ፣ እምባዬ እየቆራረጠኝ ነገርኳቸው። አጥሩ ጋ የቆመው ሰው ሁሉ ሰማ።  እናቴ ነጠላዋን ፊቷ ላይ አደረገች።

የኔታ ደነገጡ። በሕይወቴ ሰው ሲደነግጥ ብዙ አይቻለሁ፤ እንደዚያ ግን አላየሁም። አፋቸው ትንሽ ተከፍቶ ቀረ። ተረከዜን በእጃቸው አንሥተው የድንጋዩን ቁስል አዩ፤ ከዚያ ቀና ብለው አጥሩ ጋ የቆሙትን እናቶች አንድ በአንድ አዩ። ልጄን አተኩሶታል ያሉት፣ ሆዱን ቆርጦታል ያለችው፣ ሳል ይዟታል ያለችው፣ ሁሉም እዚያ ነበሩ፤ ልጆቹም አጠገባቸው ጤነኛ ሆነው ዳቦ እየገመጡ።  የኔታ ወደ እኔ ዞረው፣ ከሁለት ቀን ጾም በደረቀ ድምፅ፣ «ሂጅ ቅጅልኝ ልጄ። ጠምቶኛል» አሉ።

ሄድኩ። እናቴ ከሠራችው ገንቦ በሸክላ ኩባያ ቀዳሁ። ግማሹ መንገድ ላይ ፈሰሰ። የኔታ ተቀብለው በስመ አብ ብለው ባረኩና ጠጡ። ዓይኔን ከጉሮሯቸው አልነቀልኩም። ውሃው ሲወርድ ይሰማል። ጨረሱ፤ ትንፋሽ ወሰዱ፤ ጺማቸው ላይ የቀረውን በእጃቸው ጀርባ ጠረጉ። አሁን ይወድቃሉ ብዬ ጠበቅሁ።

ኩባያውን ወደ እኔ ዘረጉት።

«ጨምሪልኝ» አሉኝ።